ፏፏቴው የቆመ ዕለት

ልጄ ሆይ፤

ከሩቅም ከቅርብም ሰላም እልሻለሁ። እናትሽ ደብዳቤ ስትጽፍ ሁልጊዜ ጤና በመጠየቅ ነበር የምትጀምረው። እኔ ግን ጤናሽ እንዴት እንደሆነ ስለማውቅ፣ እያወቅሁ መጠየቁ ማሾፍ መሰለኝ። ስለዚህ ሌላ ሌላውን ልጠይቅሽ። እንቅልፍ ይወስድሻል? ጠዋት ጠዋት የሚያመጡልሽ የአጃ ገንፎ ጨው አለው? አጠገብሽ የተኙት ሴትዮ ማንኮራፋታቸውን ተዉ? የሴትዮዋን ነገር የነገረኝ ፔንቲ ነው። ባልሽን እንዳትቆጪው። እሱ ወሬ ማመላለስ አይወድም፤ እኔ ነኝ እንደ ጥርስ እየነቀልኩ ያወጣሁበት።

እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላው አካሌ እንዳለ ነው። ውሻውም ደህና ነው፤ አርቪ እያበላው ነው። አርቪ ያው የምታውቂው አርቪ ነው። ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቶት እንኳ አጥር ተሻግሮ መጥቶ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ካልነገረኝ ቀኑ አይመሽለትም። ዘንድሮ በረዶው ከወንዙ ላይ የተነሳው ዘግይቶ ነው። የሳውናውን ጭስ ማውጫ ጠግኛለሁ። የቤቱ ወሬ ይኸው ነው።

ጽሕፈቴን ታግሠሽ አንብቢልኝ። የተማርኩት በየመንደሩ እየዞረ የሚያስተምረው መምህር እኛ ጋ በመጣባቸው በሁለት ዓመት የበረዶ ወቅት ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ስድስት ስድስት ሳምንት። ከዚያ በኋላ ግንድ በወንዝ ወደሚነዱት ሰዎች ገባሁ፣ ወጣትነቴም እዚያው አለቀ። ስሜን መፈረም አያቅተኝም፤ ሌላውን ሁሉ የምትጽፈው እናትሽ ነበረች። ይህ ሦስተኛው ነው፤ ሁለቱን ቀድጃቸዋለሁ። በመጀመሪያው አዝዤሽ ነበር። በሁለተኛው ለምኜሽ ነበር። ሁለቱንም መልሼ ሳነባቸው እኔን አልመስል አሉኝ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ጠዋት ተይዞልሽ ሳለ አልፈርምም ብለሽ ወረቀቱ ራስጌሽ ላይ እንደተቀመጠ ሰምቻለሁ። ነርሷ ሁለቴ መጥታ ሁለቴ ባዶ እጇን ተመለሰች አሉኝ። እኔ ፈርሚ ልልሽ አይደለም የምጽፈው። ከአራት ዓመት በፊት የጠየቅሽኝን ጥያቄ ልመልስልሽ ነው። ከዚያ በኋላ ራስሽ ታውቂያለሽ።

ታስታውሻለሽ፤ ድንች ልታወጡ መጥታችሁ ነበር። ከሥራ በኋላ ሳውናው ደጃፍ ደረጃው ላይ ተቀምጠሽ፣ ጸጉርሽ እርጥብ ነበር፣ «አባባ፣ እማማ በምንድን ነው የሞተችው?» አልሽኝ። በልብ ነው አልኩሽ። «በልብ ባልክ ቁጥር ግድግዳ ግድግዳውን ታያለህ» አልሽኝ። እኔም ተነስቼ እንጨት ልፈልጥ ሄድኩ። የዚያን ዕለት የፈለጥኩት እንጨት ሁለት የበረዶ ወቅት አሞቀኝ። ስትሄዱ መኪናው ውስጥ ሆነሽ መስኮቱን ዝቅ አድርገሽ፣ መልሱን እስክትሰጠኝ እኔ ቤት አትምጣ፣ እኔም አልመጣም አልሽ። እሺ አልኩ። ግትርነትሽ ከማን እንደመጣ የሚጠፋው ሰው በመንደሩ የለም።

ከፋሲካ በኋላ ፔንቲ ደውሎ ጭንቅላትሽ ውስጥ ትንሽ ደም እንደፈሰሰ፣ የሰው ስም እየጠፋብሽ እንደሆነ፣ ሐኪሞቹም የተተበተቡ የደም ሥሮች እንዳገኙብሽ ሲነግረኝ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ልምጣ አልኩት። ልጁ ምስኪን ነው። አትምጣ ማለትሽን እንዴት እንደሚነግረኝ ጨንቆት ስለ አየሩ ጠየቀኝ። ያንን ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ባለፈው ሳምንት የነገረኝን ነው።

ሐኪሙ ማዳመጫውን ጆሮሽ ኋላ አድርጎ ድምፅ ሰማ፤ ይህ ድምፅ ላንቺም ይሰማሻል ወይ ብሎ ጠየቀሽ። አንቺም ሳቅሽ አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስተኛ ይሰማኛል፣ የቤታችን ፏፏቴ ነው አልሽው። ሲያስረዳሽም፣ «የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከደጃችን ወሰዱብኝ። አሁን ደግሞ ከራሴ ውስጥ ሊወስዱብኝ ነው?» ብለሽ ወረቀቱን ገፋሽ።

ፔንቲ ይህን ሲነግረኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ይቅርታ እንደጠየቅሁት ንገሪው፤ እኔ አልነገርኩትም።

አሁን የምጽፍበት ጠረጴዛ ይወዛወዛል። ወረቀት አጥፌ እግሩ ሥር ከትቼለታለሁ። እርሳሱንም በቢላዬ ቀርጬዋለሁ። ስለዚህ ልጀምር።

ቤታችን ከፏፏቴው ስልሳ እርምጃ ነበር። ልጅ ብትሆኚም ድምፁን ታስታውሺው ይሆናል፣ ጩኸታችንን ግን አታስታውሺም። መስኮት ከተከፈተ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን ጨው ለማቀበል እንጮህ ነበር። የእኛ መንደር ሰው ከተማ ሲወርድ ባለሱቆቹ የተጣላን ይመስላቸው ነበር። እናትሽ ከሐይቅ ዳር ነው የመጣችው፣ ጸጥ ካለ አገር። ያገባኋት ሰሞን አንድ ወር እንቅልፍ አልወሰዳትም። ከዚያ ለመደችው። አንቺን ከወለደች በኋላ ግን አንድ ቀን፣ አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ፏፏቴ በቀኝ ጆሮዬ በኩል ነው የሚበዛብኝ አለችኝ። እኔም አልጋችን ላይ እጄን ዘርግቼ አሳየኋት፤ ወንዙ በቀኝ በኩል ነዋ! ሳቅን። እናቷ ቤት ሐይቁ ዳር ስትሄድም ሰማችው። ለዚህም መልስ አላጣሁም። ቀኑን ሙሉ ግንድ ላይ ስንውል ማታ ወለሉ ከሥራችን ሲዋልል ያድራል፤ ያንቺም እንደዚያ ነው፣ ይዘሽው ሄደሽ ነው አልኳት። ልጄ፣ በሌላ መንደር የሚኖር ሰው ሚስቱ ውሃ ይጮህብኛል ስትለው ወደ ሐኪም ይወስዳታል። እኛ ጋ ግን ውሃው እውነትም ይጮህ ነበር።

ነስርም ነበረባት። ድንች ስትልጥ ዝም ብሎ ጠብ ጠብ ይላታል። ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን ትይዝና በሌላ እጇ ሥራዋን ትቀጥላለች። አንቺም እንደዚያ ነበርሽ። በአስተማሪሽ ደብተር ላይ ደም አንጠባጥበሽ የተቀጣሽበትን ቀን አልረሳውም። ከእናቷ የወረሰችው ቀጭን አፍንጫ ነው እንል ነበር።

ከዚያ ግድቡ መጣ። ወንዙ የተዘጋ ዕለት ሰባት ዓመትሽ ነበር፣ ትከሻዬ ላይ ሆነሽ ነው ያየሽው። የትንፋሽ ሙዚቃ መሣሪያ የሚነፉ ሰዎች መጡ፣ ቋሊማ ጠበሱ፣ ባለሥልጣኑ ንግግር አደረገ፤ ማን ሰምቶት። ከዚያ የግድቡ በሮች ወረዱ። ውሃው ቀስ በቀስ ጎደለ፤ ዕድሜ ልካችንን ከላያቸው የሄድንባቸው ድንጋዮች አንድ በአንድ ጀርባቸውን አወጡ። ሳልሞን ዓሣዎቹ በየጉድጓዱ ተንፈራገጡ። ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው እርስ በርሳቸው ይጮሁ ነበር። ድንገት ጩኸቱ ብቻ ቀረና ሁሉም አፍሮ ዝም አለ። ከማዶ ወፍ ሲዘምር ሰማን፤ ከማዶ ወፍ እንዳለ አናውቅም ነበር። የአርቪ አባት ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዙ።

እናትሽ እጅጌዬን ጎተተች። ሹክ ማለት ስለማታውቅ ቃሉን በአፏ ቅርፅ ነው መጀመሪያ ያየሁት።

«የእኔ አልቆመም» አለችኝ።

ምኑ አልኳት። የሰማሁ ቢሆንም ምኑ አልኳት። አርቪም አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ እሱም ሰምቷል። ይቆማል፣ ጥቂት ቀን ጠብቂው አልኳት።

አልቆመም። በተከታዩ ዓመት ድርቆሽ ስንሰበስብ፣ ምሳ በልተን ድርቆሹ ሥር ጋደም ብለን ሳለ፣ አንቺ እንጆሪ እየለቀምሽ ነበር፣ ጆሮህን እዚህ ጋ አድርግልኝ አለችኝ፤ ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ ጸጉሯን ገልጣ። አደረግሁ። ልጄ፣ ይህን ቃል ለመጻፍ ነው ሁለት ወረቀት የቀደድኩት። ሰማሁት። ሽሽ፣ ሽሽ፣ ሽሽ ይላል፣ ከልቧ ምት ጋር እኩል፤ አጥንት ውስጥ ያለ ትንሽ ወንዝ። ቀና አልኩና ምንም አይሰማኝም አልኳት። እሷም ጸጉሯን መልሳ ሻሿን አሰረች።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ፈርቼ ነው። ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም። ወንዙን ወስደውብኛል፣ ሥራዬን ወስደውብኛል። ግንድ በመኪና መጫን ተጀምሮ እኔ በአርባ ዓመቴ ከሰው ደጅ ቦይ ቆፋሪ ሆኛለሁ። ሚስቴን ደግሞ ለሌላ ነገር አሳልፌ መስጠት አልፈለግሁም።

ከሳምንት በኋላ ሱቅ ውስጥ ነሰራት፣ አልቆም አላት። የግድቡ ሠራተኞች ነርስ እዚያው ነበረች። ወደ ክፍሏ ወስዳ አዳመጠቻት፣ ወዲያው ወደ ትልቁ ሐኪም ቤት ደወለች፣ በሦስተኛው ቀን መኪና እንዲወስዳት አደረገች። መኪናው የግድቡ መኪና ነበር። አረንጓዴ ነው፣ በሩ ላይ ምልክታቸው ተቀብቷል። ደጃችን መጥቶ ጡሩምባ ነፋ። አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ። እኔ ወጣሁና ሾፌሩን፣ ከዚህ ቤት በእናንተ መኪና የሚሄድ ሰው የለም፣ ለላኩህ ሰዎች እንደዚህ በላቸው አልኩት። ሰውዬው ወደ እኔ ሳይሆን ከኋላዬ ነበር የሚያየው። ዞር ስል እናትሽ በሩ ላይ ቆማለች። የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዋን አድርጋለች፣ ትንሿን ሻንጣ ይዛለች።

ልትናገር ትችል ነበር። ሾፌሩም ጠበቀ። ድርቆሹ ይግባና በአውቶቡስ በራሳችን እንሄዳለን አልኳት። አየችኝ። ከዚያ ባርኔጣዋን አውልቃ መስቀያው ላይ ሰቀለችው፣ ገብታ ድንች ጣደች። ቃል አልተናገረችኝም፤ ያን ዕለትም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አላነሳችብኝም። ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

ድርቆሹ ገባ። ከዚያ ዝናብ መጣ፣ ከዚያ የጎረቤት ጣሪያ ሥራ ነበር። መኪናውን በመለስኩ በአሥራ አንደኛው ቀን ምንጣፎቹን ልታጥብ ወደ ወንዙ ወረደች፤ ወንዝ ልበለው እንጂ ቆሞ የተኛ ውሃ ነበር። አንቺ ከእሷ ጋር ነበርሽ፣ እግርሽን ውሃው ውስጥ ነክረሽ። ሮጠሽ ወደ እኔ መጣሽ። ያልሽኝን ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ድምፅሽን ጭምር አስታውሰዋለሁ። «እማማ ምንጣፉ ላይ ተኛች» ነው ያልሽኝ። ብሩሹ እጇ ላይ ነበር። የወረዳው ሐኪም መጥቶ ዓይኗን በመብራት አየና ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አለኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች።

ለቄሱ በልብ ነው አልኩ። ለእናቷ በልብ ነው አልኩ። ላንቺም። ልብ ካልኩ ስለ መኪናው የሚጠይቀኝ ሰው አይኖርም። መኪናውን ያየው አርቪ ብቻ ነበር። እሱም እነሆ ሠላሳ ዓመት ዝም አለልኝ። ስለ ሁሉም ነገር የሚለፈልፈው አርቪ!

ባለፈው ሳምንት ግን ፔንቲ የነገረኝን ስነግረው አጥሩ ላይ ተደግፎ ሰማኝና፣ «አንድ መኪና መለስክ» አለኝ፤ «አሁን ደግሞ ወደ ልጅህ የሚወስድህን አውቶቡስም ልትመልሰው ነው? ሂድ አንተ ግትር በሬ፣ ውሻውን እኔ አበላዋለሁ።» ሌላም የተናገረኝ አለ፣ ለሴት ልጅ አይጻፍም።

ስለ አውቶቡሱ ሌላ አልጨምርም።

ሐኪምሽን ዶክተር ታኪነንን አግኝቼዋለሁ። እንዴት እንዳገኘሁት አትጠይቂኝ፤ ያገናኘኝም ማን እንደሆነ አትጠይቂ። ምሳ ሊበላ ሲወርድ ያዝኩት። ገና ልጅ ነው፣ አርባ አምስት ቢሆነው ነው። መጀመሪያ እጅህን አሳየኝ አልኩት። እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። ቀጫጭን ጣቶች ናቸው፣ ላም የሚያልብ ሰው እጅ ይመስላል፤ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ከኮቴ ኪስ ባለፈው ዓመት የተወሳሰበብኝን የዓሣ መንጠቆ ገመድ አወጣሁ፤ ስድስት መንጠቆ ያለበት ነው፣ እኔ ራሴ ተስፋ ቆርጬበታለሁ። ይህን ፍታልኝ አልኩት።

«አባት፣ ምሳዬ እኮ ሃያ ደቂቃ ነው» አለኝ።

ይብቃሃል አልኩት።

ብዙ ሰው ገመድ ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያደርገው መጎተት ነው። ሲጎትተው ይጠብቃል፣ ከጠበቀ በኋላ የሚያዋጣው ቢላ ብቻ ነው። ይህ ልጅ ግን አልነካውም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ብዙ ጊዜ አየው፣ ከላይ አየው፣ ጎንበስ ብሎ ከጎን አየው። ከዚያ በሹካ ጫፍ አንዷን ዙር ላላ አደረጋት። ከዚያ ሌላዋን። ሾርባው ቀዘቀዘበት። አምስቱን መንጠቆ አወጣና ስድስተኛው ላይ ቆመ። ይህችን ከነካኋት ገመዱ ይበጠሳል፤ እዚህ ጋ መተው ነው የሚሻለው አለኝ። ልጄ፣ እኔ ይህን ሰው ያመንኩት በፈታቸው አምስቱ አይደለም፤ በተዋት በአንዷ ነው።

ከዚያ ነገሩን አስረዳኝ። በሌላ ሰው ጭንቅላት ደም አምጪዎቹ ሥሮች እየቀጠኑ እየቀጠኑ ሄደው፣ እንደ መስኖ ማሳውን አጠጥተው ነው ወደ መላሹ ሥር የሚገቡት። ያንቺ ግን አንድ ቦታ ላይ ማሳውን ሳያጠጡ በቀጥታ ተገናኝተዋል፣ ተተብትበዋል። ስለዚህ ደሙ በኃይል ይወርዳል፤ የሚጮኸውም እሱ ነው። በየትኛው ትጀምራለህ ብዬ ጠየቅሁት። የሚያመጡትን አንድ በአንድ እዘጋለሁ፣ ትልቁን መላሽ ግን እስከ መጨረሻው አልነካውም አለኝ። ለምን አልኩት፣ መልሱን እያወቅሁ። እሱን ቀድሜ ከዘጋሁት የገባው መውጫ አጥቶ ይፈነዳል አለ።

እኔም የላይኛውን ጅረት ሳይዘጋ የታችኛውን በር ስለዘጋው አዲስ አለቃ ነገርኩት። ግንድ መንዳት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ በረዶ እየቀለጠ ውሃ የሞላ ጊዜ። ጎርፉ ድልድዩንም ሁለት ፈረስም ይዞ ሄደ። የላይኛው በፊት፣ የታችኛው በመጨረሻ፤ ይህን የማያውቅ ሰው ወንዝ ዳር አይቆምም ነበር። አንተ ከእኛ ጋር ብትሠራ ኖሮ በሁለት ዓመት አለቃ ትሆን ነበር አልኩት። ደስ አለው መሰለኝ፣ ጆሮው ቀላ።

አልዋሸኝም። ከአሥር ሰው አንዱ ላይ የሆነ ነገር ሊቀር ይችላል አለኝ፤ ቃል ሊጠፋ ወይም ቀኝ እጅ ሊዝል። ከዚያም የባሰ እንዳለ ሳይደብቅ ነገረኝ። ካልተነካ ደግሞ በየዓመቱ ዕጣ እንደ መጣል ነው፤ አንዴ የፈሰሰ እንደገና ሊፈስ ይችላል። ከዚያ ስለ ነስር ጠየቀኝ። አንቺንም ፔንቲንም ጠይቋችሁ፣ አንቺ በቤታችን ማንም ታሞ አያውቅም ብለሽዋል። እኔ ስለ እናትሽ ነገርኩት፣ የድርቆሹንም የመኪናውንም። ማንኪያውን አስቀመጠ። ይህ ነገር ከእናት ወደ ልጅ የሚሄድ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ይህን ቀድመን ብናውቅ ጥሩ ነበር አለኝ። አልተቆጣኝም። ልጅሽ ሳቱም ትንሽ ሳለች ትራሷ ላይ ደም ይገኝ ነበር አይደል? አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው አሁን። እሷንም ያዩአታል። አየሽ፣ በልብ ነው ያልኩት ውሸት እስከ ልጅ ልጄ ትራስ ድረስ ሄዷል።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እሱን ካልኩሽ በኋላ እርሳሴን አስቀምጣለሁ።

የምትሰሚው ፏፏቴው አይደለም። እኔ በዚያ ፏፏቴ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ተኝቼ ድምፁን ሰምቼ ውሃው ስንት ጣት እንደጨመረ እናገር ነበር። ፏፏቴ አይመታም። ልብ የለውማ። አንድ ረጅም ድምፅ ነው፣ ሥሩ ድንጋይ የሚንከባለልበት፣ ላዩ የሚያፏጭ። አንቺ ጋ ያለው ሽሽ፣ ሽሽ እያለ ከልብሽ ጋር የሚሄድ ከሆነ እሱን አውቀዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ሰምቼው አልሰማሁም ብያለሁ። እሱ የቤታችን አይደለም። እሱ ነው ምንጣፉ ላይ ያስተኛት።

ፏፏቴው ከናፈቀሽ እኔ ጋ አለ። የላይኛውን ጠባቡን፣ የመካከሉን፣ ቤታችን ደጅ ያለውን፣ ሁሉንም በአፌ አወጣዋለሁ። አርቪ ሳውና ውስጥ ሲሰማኝ አለቀሰ፤ ላብ ነው አለ እንጂ። ጆሮሽ ሥር ቁጭ ብዬ እስኪበቃሽ አሰማሻለሁ። ከራስሽ ውስጥ የሚወስዱት ነገር እሱን አይነካውም።

ፈርሚ አልልሽም። አንድ ጊዜ ባርኔጣዋን ያደረገችን ሴት አስወልቄአለሁ። ከዚያ በኋላ የማንም ሴት ባርኔጣ ላይ አዛዥ የመሆን መብት የለኝም። ብትሄጂም ባትሄጂም ያው ልጄ ነሽ። እኔን ይቅር በይኝም አልልሽም፤ እሱን ሰው በደብዳቤ አይጠይቅም፣ ፊት ለፊት ነው።

እናትሽ የተኛችበትን ነጩን ምንጣፍ አስቀምጬዋለሁ፣ ባለ ሰማያዊ መስመሩን። ከዚያን ቀን ወዲህ አልታጠበም፣ አልተረገጠም። ስትድኚ እኛው ራሳችን እናጥበዋለን፤ አንቺ ትቦርሺዋለሽ፣ እኔ አለቀልቀዋለሁ፣ ጉልበቴ እሺ ካለ።

እናትሽን በማረፊያዋ የሚጠብቃት አምላክ አንቺን በአልጋሽ ላይ ይጠብቅሽ። የሐኪሙን እጅ ያጽናለት። ጠፍተውብሽ የነበሩትን ስሞች ሁሉ አንድ በአንድ ይመልስልሽ። የእኔን በመጨረሻ ቢመልሰውም አልቀየምም።

ደብዳቤውን ፔንቲ ይሰጥሻል። ቴምብር የለውም፤ አያስፈልገውም።

ግትሩ አባትሽ

ይህን ልረሳው ነበር። ዛፉ ቅጠል አውጥቷል፣ ግንዱ ነጭ የሆነው፣ ከመስኮትሽ ሥር አግዳሚ ወንበሩ አጠገብ ያለው። እዚህ የሚሸጡት ቡና ቀጭን ስለሆነ የራሴን በሰማያዊው ፔርሙስ ይዣለሁ፤ ለምትጠርገዋ ሴትዮም ቀዳሁላትና ከወንበሩ አላስነሳችኝም። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከጥግ ሁለተኛው መስኮት፤ ከእሁድ ጀምሮ መጋረጃሽ ዝግ ነው። ትንሽ ብርሃን ይግባልሽ ልጄ፣ ክፈቺው።